የላይ መንጋጋ ጥርስና ጎረቤቱ ሳይነስ

  ንግግሩን በሬዲዮ ያልሰማችሁት ደግሞ አሁን በጽሑፍ አግኝታችሁታል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቦታ ሲኖር መለስ ብላችሁ ድገሙት። ወረቀት እንደ ሬዲዮ ድምፅ አያመልጥም።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ላይኛው የኋላ ጥርሳችንና ከበላዩ ስላለው ባዶ ክፍል ነው። ሁለቱ በራጅ ሲነሡ ምን እንደሚታይም እንናገራለን። ነገሩ የሐኪም ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ግን የሁላችንም ጉዳይ ነው። ይህን ባለማወቅ አንዱ ሰው ደኅና ጥርሱን ያስነቅላል። ሌላው ደግሞ የታመመ ጥርሱን አፉ ውስጥ ይዞ ለወራት የሳይነስ መድኃኒት ይውጣል።

እስቲ እንዲህ ብለን እናስብ። አንዲት እናት በጅጅጋ ገበያ ሻይ ይሸጣሉ እንበል። በግራ ጉንጫቸው በኩል ይከብዳቸዋል። ለስግደት ሲጎነበሱ ሕመሙ ይብስባቸዋል። ከአንድ አፍንጫቸው ብቻ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ይወርዳል። አንዱ ጎረቤት፣ «ኤዶ፣ ይሄማ አቧራው ነው፤ ሳይነስ ይዞዎት ነው» ይላል። ሌላዋ ደግሞ፣ «የለም፣ ጥርስ ነው፤ ይነቀል» ትላለች። ታዲያ ማን ልክ ነው? ማንኛቸውም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ልክ የሚሆኑበትም ጊዜ አለ። በግምት ግን መለየት አይቻልም።

በመጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። ይህችን ቃል ያዙልን፦ ሳይነስ። ሳ - ይ - ነ - ስ። ሳይነስ ማለት በፊታችን አጥንት ውስጥ ያለ፣ አየር የሞላበት ባዶ ክፍል ነው። እንዲህ ያሉ ክፍሎች በግንባራችንም፣ በዓይኖቻችን መካከልም አሉ። ትልቁ ግን የጉንጩ ነው። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። በትልቅ ሰው እያንዳንዱ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ይህም አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ማለት ነው። ግድግዳው በስስ እርጥብ ሽፋን ተለብጧል።

አሁን ጣታችሁን ከላይ ጥርሳችሁ ላይ አድርጉ። ከፊት ጥርሶች ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ክራንቻን ስታልፉ ሁለት ትንንሽ መንጋጋዎች ታገኛላችሁ። ከእነርሱ ቀጥሎ ትልልቆቹ መንጋጋዎች ይመጣሉ። ሦስት ናቸው፤ የመጨረሻው ያልወጣላቸው ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። ሶማሊኛ ተናጋሪው ወገናችን መንጋጋ ጥርስን «ጎውስ» ይለዋል። የላይኛው ትልቅ መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሥር አለው። ሁለቱ በጉንጭ በኩል፣ አንዱ በላንቃ በኩል። እነዚህ ሥሮች ወደ ላይ ናቸው። ከበላያቸው ያለው ደግሞ የጉንጩ ሳይነስ ወለል ነው።

እንግዲህ ፎቅ ቤት አስቡ። ጥርሱ ምድር ቤት ነው። ሳይነሱ ፎቅ ነው። በመካከላቸው ያለው ወለል አጥንት ነው፤ ነገር ግን በብዙ ሰው በጣም ስስ ነው። በአንዳንዱ ሰው ወረቀት ያህል ይሳሳል። በአንዳንዱ ደግሞ ከሥሩ ጫፍ በላይ አጥንት የሚባል የለም፤ ያለው ስሱ ሽፋን ብቻ ነው። ታዲያ ምድር ቤት እሳት ቢነሣ ጭሱ ፎቅ መውጣቱ ይቀራል? ፎቅ ውኃ ቢፈስስስ ምድር ቤት አያንጠባጥብም?

ከሁሉም ጥርስ ለሳይነሱ ወለል ይበልጥ የሚቀርበው ሁለተኛው ትልቅ መንጋጋ ነው። ቀጥሎ አንደኛው ትልቅ መንጋጋ ይመጣል። ከዚያ ሁለተኛው ትንሽ መንጋጋ። የክራንቻና የፊት ጥርሶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይርቃሉ። ሕፃን ሲወለድ ይህ ሳይነስ በጣም ትንሽ ነው። ልጁ ሲያድግ፣ ጥርሱም ሲወጣ፣ እየሰፋ ይሄዳል። ትልቅ ሰው መንጋጋውን ሲያስነቅል ደግሞ ወለሉ ወደተነቀለበት ባዶ ቦታ ዝቅ ይላል። አንድ ሰው ከዓመታት በኋላ ሰው ሠራሽ ጥርስ በአጥንቱ ላይ ላስተክል ቢል፣ «መትከያ አጥንት የለም» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይነሱ አንድ ሌላ ችግር አለው። ወደ አፍንጫ የሚወጣበት ቀዳዳ ከታች አይደለም፤ ከላይ ነው። በሐርሺንና በሐርታ ሼክ በኩል የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበትን ቢርካ ታውቃላችሁ። ቢርካ ከላይ ብቻ የሚቀዳ ነው። ከሥር የተኛው ደለል በራሱ አይወጣም። ሳይነስም እንዲሁ ነው። ሽፋኑ ላይ ያሉ ለዓይን የማይታዩ ፀጉሮች ቆሻሻውን ወደ ላይ እየጠረጉ ያስወጣሉ። ጉንፋን ሲይዘን ቀዳዳው ያብጥና ይዘጋል። ያን ጊዜ ፈሳሹ ወለሉ ላይ ይተኛል። ወለሉ ስር ያሉት የጥርስ ነርቮች ይጫናሉ። ስለዚህ ጥርሱ ምንም ሳይሆን ያማል።

የጅጅጋን ነፋስና አቧራ የማያውቅ የለም። ጉንፋንም አይጠፋም። ስለዚህ ፊቱን ያመመው ሁሉ «ሳይነስ ነው» ማለቱ አይገርምም። ይሁንና ልዩነቱን የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉ። የጉንፋን ሳይነስ ሲሆን ብዙ ጊዜ አንድ ጥርስ ሳይሆን ሦስት አራት የላይ ጥርሶች ባንድነት ይከብዳሉ። ሲጎነብሱ፣ ደረጃ ሲወርዱ፣ መኪና ሲያንገጫግጭ ይብሳል። ብዙ ጊዜም ሁለቱንም ጉንጭ ይነካል። የጥርስ ሲሆን ግን አንዱ ጥርስ ተለይቶ ይታወቃል። ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ትኩስ ሻይ ያነሣሣዋል። ሲነክሱበት ያማል። በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብለው ሲመቱት «ይሄ ነው!» ያሰኛል።

አንዱን ምልክት ግን ከሁሉ አስበልጡት። በአንድ ጎን ብቻ የሚወርድ፣ የሚሸት ንፍጥ ካለ የዚያን ጎን የላይ መንጋጋ ጥርስ ተጠራጠሩ። «ጥርሴን እኮ አያመኝም» አትበሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ነርቩ የሞተ ጥርስ ለውኃም ለሻይም አይነቃም። ከሥሩ ጫፍ የሚወጣው መግል ደግሞ ወደ ሳይነሱ መውጫ ካገኘ ውስጥ ውስጡን አይጫንም፤ ስለዚህ አያሳምምም። ጥርሱ ዝም ብሎ ፎቁን ይበክላል። ከጉንጭ ሳይነስ ሕመም ውስጥ ከጥርስ የሚመጣው ከመቶ 10 ያህሉ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲጻፍ ኖሯል። በኋላ በተሻለ ራጅ የተደረጉ ጥናቶች ግን ከመቶ እስከ 40 ያደርሱታል። በአንድ ጎን ብቻ ያለውን ለይተን ካየን ደግሞ የጥርስ ድርሻ ከዚህም ከፍ ይላል።

ታዲያ ሁለቱን ለመለየት ማየት ያስፈልጋል። በሥጋና በአጥንት ውስጥ እንዴት ይታያል? በራጅ ነዋ።

ራጅ የተገኘው በ1888 ዓ.ም. ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን በቩርትስቡርግ ከተማ አገኘው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዘመኑ 1895 ነበር። ይህ 1888 ለእኛ የዓድዋ ድል ዓመት ነው። የገረመኝን ልንገራችሁ። ራጅ በተገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ከዚሁ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው ወደ ጣሊያን የተመለሱ ወታደሮች በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ራጅ ተነሡ። ክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት የት እንዳለ የተፈለገው በራጅ ነበር። ራጅ በጦር ቁስለኛ ላይ ሲሠራበት ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የጥርስ ራጅም አልዘገየም። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የጥርስ ሐኪም የራሱን ጥርስ አነሣ። 25 ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። ዛሬ የሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ ይበቃል።

ራጅ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጨረሩ በሰውነታችን ውስጥ ያልፋል። አየር አይከለክለውም፤ ስለዚህ አየር ያለበት ቦታ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ይሆናል። አጥንት ይከለክለዋል፤ ነጭ ይሆናል። የጥርስ የላይኛው ልብስ ከአጥንትም የበለጠ ነጭ ነው። ብረት የተሞላ ጥርስ ደግሞ ጭራሽ ያበራል። እንግዲህ ደኅና ሳይነስ ጥቁር ነው፤ አየር ነዋ ያለው። ወለሉ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ሳይነሱ ውስጥ ፈሳሽ ካለ ወይም ሽፋኑ ካበጠ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይለወጣል። የጥርሱ ሥር ጫፍ ላይ መግል ካለ ደግሞ አጥንቱ ተበልቶ ስለሆነ ክብ ጥቁር ጥላ ይታያል። ያ ቀጭን ነጭ መስመር ከጥላው በላይ ከተቆረጠ፣ ከምድር ቤት ወደ ፎቅ መንገድ ተከፍቷል ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ገጽን ሲያይ ጥቁርና ነጭ ብቻ እንደሚሆንበት ሁሉ፣ ራጅም ላልተማረው እንዲሁ ነው። ማንበብ ይጠይቃል።

የጥርስ ራጅ ሦስት ዓይነት ነው ብንል ይበቃናል።

የመጀመሪያዋ ትንሿ ናት። አፍ ውስጥ የምትገባ፣ ሁለት ጣት የምታህል ፊልም ወይም ፕሌት ናት። ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ከነሥራቸው ጥርት አድርጋ ታሳያለች። ርካሽ ናት፤ ጨረሯም ትንሽ ነው። ለአንድ ጥርስ ሕመም መጀመር ያለበት ከዚህች ነው።

ሁለተኛው ፓኖራማ ይባላል። ሰውየው ቆሞ አገጩን ያስደግፋል፤ ማሽኑ በጭንቅላቱ ዙሪያ አንድ ጊዜ ይዞራል። ጥርስ በሙሉ፣ መንጋጭላውና የሳይነሱ ታችኛ ክፍል በአንድ ሥዕል ይወጣሉ። ይህን ዘዴ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለሥራ ያበቃው ዩርዮ ፓቴሮ የተባለ የፊንላንድ የጥርስ ሐኪም ነው። ጠቅላላውን ለማየት ጥሩ ነው። ነገር ግን ያታልላል።

እንዴት ያታልላል? ከጅጅጋ ወደ ሐረር ስትሄዱ ካራማራን አልፋችሁ፣ ባቢሌ ሳትደርሱ የዳከታን የድንጋይ ሸለቆ ታያላችሁ። ከመኪና መስኮት ስታዩት አንዱ ድንጋይ በሌላው ራስ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። አንዳንዱ እውነትም ተቀምጧል። አንዳንዱ ግን ከኋላ የቆመ ሌላ ድንጋይ ነው። ወርዳችሁ ዙሪያውን ካልተራመዳችሁ አትለዩትም። ፓኖራማም ሆነ ትንሿ ራጅ ከመኪና መስኮት እንደ ማየት ናቸው። የፊትና የኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ጠፍጣፋ ሥዕል ላይ ይደራረባል። በመሆኑም የጥርሱ ሥር ሳይነስ ውስጥ የገባ ይመስላል። ዙሪያውን ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ሥሩ ያለው ከሳይነሱ ጎን፣ በላንቃ ወይም በጉንጭ በኩል ነው። ጉንጭ አጥንቱም ጥላውን በመንጋጋው ሥር ላይ ስለሚጥል የመግሉን ምልክት ይሸፍናል። ላይኛውን መንጋጋ በጠፍጣፋ ራጅ ማንበብ ከታችኛው የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። «ራጁ ምንም የለም ብሏል» የተባለ ሰው መግል ሊኖረው ይችላል።

ሦስተኛው ዓይነት ይህን ችግር ለመፍታት የመጣ ነው። ኮን ቢም ሲቲ ይባላል። ከ1990 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በጣሊያንና በጃፓን ለጥርስ ሕክምና ተሠራ። ማሽኑ በራስ ዙሪያ ሲዞር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎችን ያነሣል። ኮምፒዩተር ያንን ሁሉ አገናኝቶ የመንጋጭላውን ሙሉ ቅርጽ ይሠራል። ሐኪሙም የፈለገውን ስስ ንጣፍ እየገለጠ ያያል። የተደራረበ ላሆህ አስቡ። ከላይ አንዱን ስታነሡ ሁለተኛው ይታያል፤ ሁለተኛውን ስታነሡ ሦስተኛው። እንደዚያ ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከግራ ወደ ቀኝም መግለጥ ይቻላል። በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ርቀት መለካት ይቻላል።

በዓለም ዙሪያ የጥርስ ምሁራን የላይ መንጋጋንና የሳይነስን ጉርብትና የሚያጠኑት ዛሬ በዚህ መሣሪያ ነው። ከላይ የነገርናችሁም ብዙው ከዚህ የተገኘ ነው። ሁለተኛው መንጋጋ ይበልጥ ቅርብ መሆኑ፣ በተለይም በጉንጭ በኩል ያለው ሥሩ፣ በልኬት የታወቀው በብዙ ሰዎች ሥዕል ላይ ተቆጥሮ ነው። የሳይነሱ ሽፋን በደኅና ሰው ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከ2 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ሐኪሞች ልብ ይሉታል። ከሥሩ ሥር መግል ባለበት ጥርስ በላይ ሽፋኑ ወፍሮ የሚገኝበት ጊዜ እጅግ ብዙ ነው። ጥርሱ ሲታከም ወይም ሲነቀል ደግሞ ሽፋኑ በወራት ውስጥ እየሳሳ ይመለሳል። ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። የሳይነስ መድኃኒት ለዓመት ያላዳነውን የጥርስ ሕክምና ሊያድነው ይችላል ማለት ነው።

ሌላም ነገር ታይቷል። የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ የፊተኛው ሥሩ አንድ ቀጭን ቱቦ ብቻ ያለው ይመስላል። ነገር ግን ከግማሽ በሚበልጡ ሰዎች ሁለተኛ፣ ድብቅ ቱቦ አለ። ሐኪሙ ሦስት ቱቦ አጽድቶ አራተኛው ቢቀር መግሉ ከዚያ ይነሣል፤ ወደ ሳይነሱም ይወጣል። «ጥርሴ ታክሞ ሳለ ለምን አልዳንኩም?» ለሚል ሰው መልሱ አንዳንዴ ይህ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ እናስገባ። ለሳይነስ ብላችሁ በሆስፒታል ሲቲ ስካን የተነሣችሁ እንደሆነ ሥዕሉ ውስጥ ጥርሳችሁም አለ። አንባቢው ግን ስለ ሳይነስ ስለተጠየቀ ሳይነሱን አንብቦ ጥርሱን ሊዘልለው ይችላል። ይህ በበለጸጉ አገሮችም የሚታይ ጉድለት ነው። ስለዚህ፣ «ዶክተር፣ የላይ ጥርሶቼንም ይዩልኝ» ማለት ነውር የለውም። ሳይነሱን የሚያየው የአፍንጫ ሐኪም ነው፤ ጥርሱን የሚያየው የጥርስ ሐኪም። በሁለቱ መካከል ወሬ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ በሽተኛው ራሱ ነው።

አሁን ወደ መንቀል እንምጣ። የላይ መንጋጋ ሲነቀል ስስ ወለሉ አብሮ ሊሰበር ይችላል። ያን ጊዜ ከአፍ ወደ ሳይነስ ቀዳዳ ይከፈታል። ውኃ ሲጠጡ በአፍንጫ ይወጣል። ሲናገሩ አየር በተነቀለበት ቦታ ያፏጫል። ይህ የቆየ ነገር ነው። ናትናኤል ሃይሞር የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1651፣ ስለ ጉንጭ ሳይነስ በዝርዝር ጽፏል። አንዲት ሴት የላይ ጥርሷን ካስነቀለች በኋላ ፈሳሹ አልቆም አላት። በቀዳዳው መውጊያ ብትከት ወደ ላይ ገባ። ቀጥላ የላባ ዘንግ ብትከት እርሱም ጠልቆ ገባ። አንጎሌ ደረሰ ብላ ደነገጠች። ሐኪሙ አንጎል አለመሆኑን፣ በጉንጭ ውስጥ ባዶ ክፍል መኖሩን አስረዳት። ሌኦናርዶ ዳ ቪንቺ ይህን ክፍል ከዚያ በፊት በ1489 የራስ ቅል ቆርጦ ሥሎት ነበር። ሴትዮዋ ግን ያንን ከየት ታውቃለች? እኛ ዛሬ ራጅ አለን። በቀዳዳ ውስጥ ምንም ነገር አንከትም።

በተለይ ሥሩ ረዥም የሆነ፣ ብቻውን የቀረ ወይም ቀድሞ መግል የያዘ የላይ መንጋጋ ሲነቀል አስቀድሞ ራጅ ማየት ያስፈልጋል። ያለ ራጅ የሚነቅል ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጉድጓድ እንደሚቆፍር ነው። ከተነቀለ በኋላ ውኃ በአፍንጫችሁ ከወጣ አትደንግጡ፤ አትዘግዩም። በዚያው ቀን ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰች ቀዳዳ ደሙ ከረጋባት ብዙ ጊዜ በራሷ ትዘጋለች። ትልቅ ከሆነ ግን መሰፋት አለበት። እስከዚያው አትናፈጡ። ማስነጠስ ከመጣ አፋችሁን ከፍታችሁ አስነጥሱ። ሲጋራና ሺሻ አታጭሱ፤ በመምጠጫ አትጠጡ። «እስቲ ይፏጭ እንደሆነ ልሞክር» ብላችሁም አፍንጫችሁን ይዛችሁ አትንፉ፤ የረጋውን ደም ያፈናቅለዋል።

«ራጅስ አይጎዳም ወይ?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። ደግ ጥያቄ ነው። ጨረር በብዛት ሲሆን ይጎዳል። መጠኑን እናወዳድር። ራጅ ባንነሣም ከምድር፣ ከሰማይና ከምንበላው ምግብ በየቀኑ ጥቂት ጨረር ይደርሰናል። ትንሿ የጥርስ ራጅ የምታደርሰው ይህ በአንድ ቀን ከሚደርሰን ብዙም አይርቅም። ፓኖራማ የጥቂት ቀናት ያህል ነው። ኮን ቢም ግን እንደ ማሽኑና እንደሚነሣው ቦታ ስፋት ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ወራት ያደርሳል። ስለዚህ ለሁሉ ሰው፣ ለሁሉ ጥርስ የሚነሣ አይደለም። ትንሿ ራጅ ነገሩን ካሳየች ትበቃለች። ኮን ቢም የሚያስፈልገው ትንሿ ሳታሳይ ስትቀር፣ ሳይነሱ ከጥርስ መሆኑ ሲጠረጠር፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው። ለልጆች ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ይደረጋል። እርጉዝ የሆናችሁ እኅቶች አስቀድማችሁ ተናገሩ። አስፈላጊ የሆነ የጥርስ ራጅ በእርግዝና ክልክል አይደለም፤ ሐኪሙ ግን ማወቅ አለበት።

በጅጅጋ የካራማራ ሆስፒታልና የሼህ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል አሉ። ከቶጎ ውጫሌም ከቀብሪ በያህም ሕመምተኛ ወደ ጅጅጋ ይመጣል። ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሐረር፣ ከሐረር ድሬዳዋ፣ አንዳንዱም አዲስ አበባ ይሄዳል። መንገዱ ረዥም ነው፤ ገንዘብም ይፈጃል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ትንሿን የጥርስ ራጅ የሚያነሣ ማን እንዳለ ጠይቁ። የአንድ ጥርስ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በእርሷ ይመለሳል። የተነሣችሁትን ፊልም አትጣሉ። ከፀሐይ አርቁት፤ አታጥፉት። በፖስታው ላይ ስማችሁን፣ ቀኑንና የታመመውን ጎን ጻፉ፦ «ቀኝ» ወይም «ግራ»። መጻፍ ስለቻላችሁ ይህን ማንም አይሠራላችሁ። በስልክ የተላከላችሁ ከሆነም አታጥፉት። ሁለተኛው ሐኪም ያለፈውን ከአሁኑ ጋር ሲያስተያይ፣ ጥላው አድጓል ወይስ ቀንሷል የሚለውን ያውቃል። ሁለተኛ ጨረርም፣ ሁለተኛ ወጪም ይቀርላችኋል።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ እነዚህን ተናገሩ። ሕመሙ በአንድ ጎን ነው ወይስ በሁለቱም? ፈሳሹ ይሸታል? ከዚህ በፊት በዚያ ጎን የተሞላ፣ የተሰበረ ወይም የተነቀለ ጥርስ አለ? ከስንት ጊዜ በፊት? ስንት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወሰዳችሁ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ነው። ከመድኃኒት መደብር እየገዙ መዋጥ ለሳምንት ያሻሽላል። ምንጩ ግን ጥርስ ከሆነ ተመልሶ ይመጣል፤ እየተመላለሰም መድኃኒቱ ኃይል እያጣ ይሄዳል። አንድ አዛውንት፣ «አደር፣ እንዴት ነዎት?» ሲባሉ፣ «መድኃኒቱ ሲያልቅ ሕመሙ ይጀምራል» ካሉ፣ የሚፈለገው ሌላ መድኃኒት ሳይሆን ራጅ ነው።

አሁን ወደ ሻይ ሻጯ እናት እንመለስ። ሐኪሟ በትንሿ ራጅ ብታያቸው ሁለት ዓይነት ሥዕል ሊገኝ ይችላል። በአንዱ፣ ጥርሶቹ ሁሉ ደኅና ናቸው፤ ከሥራቸው ጥላ የለም። እንግዲያው ጥርስ አይነቀልም፤ ወደ አፍንጫ ሐኪም ይላካሉ። በሌላው፣ የአንደኛው መንጋጋ ሥር ጫፍ ላይ ክብ ጥላ አለ፤ የሳይነሱ መስመርም ተቆርጧል። እንግዲያው ጥርሱ ቱቦው ይጸዳል፤ ሊድን የማይችል ከሆነም በጥንቃቄ ይነቀላል። ከዚያ በኋላ ሳይነሱ ይጠበቃል፤ ካልጠራም የአፍንጫ ሐኪም ያየዋል። ሁለቱ ሥዕሎች በውጭ ሕመማቸው አንድ ነው፤ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው።

እብጠቱ ወደ ዓይን ከወጣ፣ ዓይን ከተገፋ ወይም ማየት ከደከመ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ አንገት ከደረቀ ግን ራጅም ቀጠሮም አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ።

ሻይ ላይ ስለሚጨመረው ስኳርና ስለ መፋቂያ፣ ሶማሊኛ ተናጋሪዎች «ዓዳይ» ስለሚሉት፣ በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን። ለዛሬው እዚህ ላይ ይብቃን።